ያገለገለ ካርቶን ወደ ማሳ ይግባ

በወገል ጤና የገበያው ሕዝብ ሲበተን ከየሱቁ ደጃፍ የሚቀረው የሳሙና፣ የብስኩትና የዘይት ካርቶን ነው። ከፊሉ ከፌስታል ጋር ተደባልቆ ይቃጠላል፤ ከፊሉም በነፋስ እየተነዳ ከቦይና ከገደል ይገባል። በዚያው በደላንታ ደጋ ደግሞ እንጨት በመመናመኑ ኩበት ይነድዳል፤ ለማሳ የሚገባው ፍግ በምድጃ ውስጥ አመድ ይሆናል። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ተለያይተው ሊታዩ አይገባም። የገበሬ ማኅበራት መሪዎችም በአንድነት ሊመክሩባቸው ያስፈልጋል።

ወረቀት ከመነሻው ከውዳቂ የተሠራ ዕቃ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ105 ዓ.ም. ገደማ ፃይ ሉን የተባለው የቻይና ቤተ መንግሥት ባለሟል የዛፍ ልጥ፣ አሮጌ ጨርቅና ያረጀ የዓሣ መረብ ቀጥቅጦ ወረቀት እንደ ሠራ ይነገራል። ዛሬም ያገለገለ ካርቶን በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶና ተጣርቶ እንደገና ካርቶን ይሆናል። ይህም ከእንጨት አዲስ ወረቀት ከማምረት ይልቅ ዛፍን፣ ውሃንና ኃይልን ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ጭረቱ በተፈጨ ቁጥር ስለሚያጥር ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ካገለገለ በኋላ ለወረቀት አይበቃም።

በአገራችን የወንጂ ወረቀት ፋብሪካ ፐልፕ የሚባለውን የወረቀት ጥሬ ዕቃ ለብዙ ዓመታት በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ሲያስመጣ ቆይቷል። በአንጻሩ በአዲስ አበባ ብዙ ወረቀትና ካርቶን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ወደ ቆሼ ሲጣል ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የዚያ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ቆሻሻን ከምንጩ ሳይለዩ መከመር የሚያስከትለው ጉዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻውም።

ወገል ጤና ግን አዲስ አበባ አይደለችም። ከደሴ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ካርቶን ቦታ የሚይዝ፣ ክብደቱ ግን ቀላል የሆነ ጭነት ነው። ለእርሱ ብቻ ተብሎ መኪና ቢላክ የሚቃጠለው ነዳጅ ጥቅሙን ይበላዋል። ስለዚህ ካርቶኑን ሁሉ ሰብስቦ ለፋብሪካ መላክ ይገባል የሚለው አሳብ ለዚህ አካባቢ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። የሚሠራው ካርቶኑ ደርቆና ተጣጥፎ ሲታሰር፣ ገዢው አስቀድሞ ሲታወቅና ዕቃ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ሲገኝ ብቻ ነው።

ከዚህ ይልቅ ቅርብ የሆነው ጥቅም በማሳው ላይ ይገኛል። ኮምፖስት የሚባለውን ብስባሽ ማዳበሪያ ለማዘጋጀት ደረቅም እርጥብም ነገር ያስፈልጋል። ደረቁ ብዙውን ጊዜ ጭድ ነው። ነገር ግን የገብሱና የስንዴው ጭድ የበሬው ቀለብ በመሆኑ አርሶ አደሩ ወደ ጉድጓድ መጨመሩ ይከብደዋል፤ እውነትም አለው። በጭዱ ምትክ የሚገባው ያገለገለ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ተቀዳድዶ በውሃ ይርሳል፤ ከአረም፣ ከቅጠል፣ ከከብት ሽንትና ከተገኘው ያህል ፍግ ጋር በየንብርብሩ ይደረደራል፤ በየጊዜውም ይገላበጣል። በደጋው ብርድ መብላላቱ ስለሚዘገይ በትዕግሥት መጠበቅ ያሻል።

ይህ ሲባል ግን ጥንቃቄ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ካርቶን በራሱ ምግብነቱ አነስተኛ ነው። ብቻውን ወይም ከመጠን በላይ ቢገባ የአፈሩን ናይትሮጂን ተሻምቶ ሰብሉን ያቀጭጫል። ፕላስተሩና ሽቦው መነቀል አለበት። የሚያብለጨልጭ ወረቀት አይግባ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ካርቶን ደግሞ ከምግብ ሰብል ማሳም ሆነ ከቤት ምድጃ መራቅ አለበት።

ሥራው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ማኅበሩ ከመጋዘኑ አንዱን ጥግ ዝናብ እንዳይደርስበት አድርጎ ይለይ፤ ከነጋዴዎቹ ጋር ተነጋግሮ የገበያው ቀን ሲያበቃ ካርቶኑን ይረከብ፤ ንጹሑን ለሽያጭ፣ የቆሸሸውን ለጉድጓድ ይለይ። በመጀመሪያው ዓመት ጎን ለጎን በሆኑ ሁለት መደቦች ላይ አንዱን በብስባሹ፣ ሌላውን ያለ ብስባሹ ዘርቶ ውጤቱን ለአባላቱ ያሳይ። አርሶ አደር ከንግግር ይልቅ በዓይኑ ያየውን አዝመራ ያምናል።

ይህ ሁሉ ኩበት ማንደድን በአንድ ጊዜ አያስቀርም፤ ለዚያ ችግኝ መትከልና እንጨት ቆጣቢ ምድጃ መሥራት የግድ ነው። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንድ ገበሬ ከንቱ የሚመስለው የካርቶን ቁራጭ በማኅበር ሲሰበሰብ የበሬውን ጭድ ያተርፋል፤ መሬቱንም ያጎለብታል። መሪዎች ከሚቀጥለው የገበያ ቀን ጀምሮ ሊጀምሩት የሚችሉት ተግባር ነው።