ችግኝ አስተክላችሁ አትሸኟቸው

የነርሲንግ ተማሪዎች የአየር ንብረት ለውጥ እንደሚያስጨንቃቸው ሲናገሩ «ልጆች ናቸው፣ ያልፍላቸዋል» የሚል የሥራ ባልደረባ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለምን ይለፍላቸው? እኔ የማስተምራቸው ልጆች የሚጨነቁት አልጋ ላይ የተኛ ሰው አይተው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 አሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል። ግጭቱም የአጎበር እጥረቱም ድርሻ አላቸው፤ አልክድም። ሙቀቱስ? ደብረ ዘይት አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2005 የተያዘው የወባ መዝገብ ተጠንቶ በ2014 ታትሟል፦ ሞቃት ዓመት ሲመጣ ወባ ሽቅብ ወደ ደጋው ትወጣለች። ለወባ ባዕድ የሆነው ደገኛ ደግሞ ሰውነቱ የመከላከል አቅም ስላላዳበረ ስትይዘው ትጠናበታለች። እኛ ግን ክፍል ገብተን ዛሬም «ከ2,000 ሜትር በላይ ወባ አያሳስብም» እያልን ነው። ይህን ይዛ የተመረቀች ነርስ ደጋ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ተመድባ፣ በትኩሳት የሚነድ ሕፃን ደሙ ሳይታይ ፓራሲታሞል ሰጥታ ብትመልሰው፣ ተጠያቂው ማን ነው?

ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲነሳ ትምህርት ቤቶቻችን የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ተማሪውን ቲሸርት አልብሶ ችግኝ ማስተከል። ይተከል! ግን ያችው ተማሪ ለተግባር ልምምድ ስትወጣ፣ ከዋርዱ ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ የግሉኮስ ቱቦና ጓንት አብሮ ሲነድ ታያለች። ፒቪሲ የተባለው የቱቦው ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል መርዝ እንደሚወጣ አንብባለች፤ ጭሱ የሚገባውም አራሶች ወደተኙበት ክፍል ነው። ስትጠይቅ «ይሄ የነርስ ሥራ አይደለም» ትባላለች። ቱቦውን የምትሰካው እሷ፣ የምትነቅለው እሷ፣ ቆሻሻውን ለይታ የምትጥለው እሷ! የማን ሥራ ሊሆን ነው ታዲያ?

ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ በነርሲንግ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እንዲገባ እ.ኤ.አ. በ2018 ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ይመጣል። ተማሪዎቻችንን ባጅ አንጠልጥላችሁ ለእንግዳ አቀባበል እንዳታሰልፉብን። ወባን፣ ኮሌራን፣ የሕፃናትን የምግብ እጥረት ከዝናቡና ከሙቀቱ ጋር አያይዘው የሚማሩበት ሰዓት ስጧቸው። የቆሻሻ አወጋገዱን የመቆጣጠር ሥልጣን ስጧቸው። ከመውጫ ፈተናውም አስገቡት፤ ፈተና ላይ የማይመጣውን ተማሪው እንደማያነበው፣ መምህሩም እንደሚዘለው ሁላችንም እናውቃለን።