ነጻ መጽሐፍ ማንን ይጠቅማል?

«መጽሐፌን ለጥቂት ቀን በነጻ ልልቀቀው ወይስ ይቅርብኝ?» ከእኛ መካከል መጻፍ የጀመረ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። እስቲ ዛሬ እንነጋገርበት።

በቅድሚያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አማዞን «ኬዲፒ ሴሌክት» በሚለው መርሐ ግብሩ የተመዘገበ ደራሲ በየ90 ቀኑ መጽሐፉን እስከ 5 ቀን በነጻ እንዲያድል ይፈቅድለታል። ልግስና እንዳይመስላችሁ! በእነዚያ 90 ቀናት ዲጂታል ቅጂው ሌላ ቦታ፣ በደራሲው በራሱ ድረ ገጽ እንኳ፣ አይሸጥም፤ አይታደልምም። በነጻ ለወጣው ቅጂ ደራሲው ሳንቲም አያገኝም። በዚያ ላይ ነጻ መጻሕፍት ደረጃ የሚወጣላቸው ለብቻቸው ነው፤ ከሚሸጡት ጋር አይደለም።

ታዲያ «ሺህ ሰው አወረደው» የሚለው ደስታስ? እኛው ራሳችንን እንታዘብ። በነጻ አውርደን ስልካችን ውስጥ ካከማቸናቸው መጻሕፍት ስንቱን ገለጥን? የገዛነውን ግን ስለ ብሩ ስንል እንኳ እንጀምረዋለን። ያልተነበበ መጽሐፍ ቁጥር መቁጠር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ይሁንና ነጻ ሁሉ ኪሳራ ነው አንልም። ካናዳ የተወለደው ኮሪ ዶክቶሮው በ2003 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ገበያ ላይ በዋለበት ዕለት በኢንተርኔት በነጻ ለቀቀው፤ በኋላ መጻሕፍቱም ይህንኑ ደገመው። ከእኛም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል። አድማጩ አልከፈለም፤ መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ሬዲዮው ታሪኩን እስከ ጆሮ አደረሰው፤ ለወደደውም የሚገዛ መጽሐፍ ነበረ። ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያለው ጀማሪ ሙሉውን አይልቀቅ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይስጥ። ሁለትና ሦስት ያለው ግን አንዱን ቢለቅ ለቀሪዎቹ ገዢ ሊያገኝ ይችላል።

ደግሞም በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ «ማስታወቂያ ነው» የምትሉ አላችሁ። አይደለም! የማባዛትና የማሰራጨት መብት የደራሲው መሆኑን አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደንግጓል። ከኪሱ አውጥቶ ያሳተመ ሰው ሳይጠየቅ የተወሰደበት ስጦታ አይባልም። ስጦታ የሚሆነው ባለቤቱ ሲሰጥ ነው።

እናንተስ በነጻ ያወረዳችሁትን የትኛውን ጨረሳችሁ? ጽፋችሁ አካፍሉን። ቸር እንሰንብት።