«አይስብም» የምትለዋ ቃል ስንት ታስከፍላለች?

አንድ ሰው ያገለገለ ማንዋል ኮሮላ ይገዛል እንበል። ሊብሬው ንጹሕ ነው፣ ቦሎው ተለጥፏል፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ደላላውም «ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ብሎታል። በሦስተኛው ሳምንት ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ መኪናው ይለግማል። ነዳጅ ይሰጣል፣ መኪናው ያቅማማል። ጋራዥ ይሄድና ሕመሙን በአንድ ቃል ይናገራል፦ «አይስብም።» መካኒኩ መሪ ሳይጨብጥ፣ ኮፈን ሳይከፍት «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ይለዋል። ካምቢዮ ይወርዳል፣ ሙሉ የፍሪሲዮን ዕቃ ይገዛል፣ የእጅ ዋጋ ይከፈላል። በማግስቱ ያው ዳገት፣ ያው ልግመት። ሌላ ጋራዥ ሲሄድ ነገሩ የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ ሆኖ ይገኛል።

ይህን የመሰለ ታሪክ ያልሰማ ባለመኪና አዲስ አበባ ውስጥ ካለ ዕድለኛ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ለሌባ መካኒክ ይሰጣል። ሌባ መካኒክ የለም ማለት አይደለም። ግን ገንዘቡ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ሌብነቱ ከመጀመሩ በፊት፣ እዚያችው «አይስብም» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ቃሏ ሁለት ፍጹም የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ትጠራለች። አንደኛው ሞተሩ ጉልበት እያለው ጉልበቱ ጎማ ጋ አለመድረሱ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ራሱ ጉልበት ማጣቱ ነው። የመጀመሪያው የፍሪሲዮን፣ ሁለተኛው የሞተር ጉዳይ ነው። ባለመኪናው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚሰማው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናው አይሄድም።

ሁለቱን የሚለየው ጥያቄ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፦ ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ይጮሃል ወይስ አይጮህም?

ማንዋል መኪና ውስጥ የፍሪሲዮን ፔዳል ካልተረገጠ ሞተሩና ጎማው በማርሽ የታሰሩ ናቸው። የሞተሩ ዙር ብቻውን ሊጨምር አይችልም፤ ከጨመረ ፍጥነቱም አብሮ መጨመር አለበት። ስለዚህ ጭር ባለ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ትንሽ ዳገት ቢኖረው የተሻለ፣ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል እየተነዳ ነዳጁ ድንገት እስከ መጨረሻው ይረገጥ። የዙር ቆጣሪው ከ2,000 ወደ 3,500 ዘሎ ፍጥነቱ እዚያው ከቀረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የተቃጠለ ሽታም ይከተላል። ዙሩም ፍጥነቱም አብረው እየተንፏቀቁ ከወጡ፣ ወይም መኪናው እየተንገጫገጨ ከሄደ ግን ፍሪሲዮኑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ካምቢዮ ማውረድ የገንዘብ ብክነት ነው። የዙር ቆጣሪ የሌለው አሮጌ መኪና ከሆነ ጆሮ ይበቃል።

ፍሪሲዮን ተንሸራተተ ማለትም ወዲያው «ዲስክ አልቋል» ማለት አይደለም። ፔዳሉ አናት ላይ ሊኖር የሚገባው ትንሽ ልቅነት ጠፍቶ ከሆነ፣ ማንም ሳይረግጠው ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተረገጠ ይቆያል። ይህ በኬብል በሚሠሩት ላይ የማስተካከል ሥራ ነው። ከሞተሩ ኋላ ያለው ዘይት መከላከያ ላስቲክ አፍስሶ ዲስኩን ዘይት ካስነካው ደግሞ ዲስክ መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ አዲሱም በጥቂት ወራት ዘይት ጠጥቶ ይመለሳል። «የቀየርኩት ዲስክ ቶሎ አለቀ፣ ዕቃው ቻይና ነው» ከሚሉት ስንቶቹ ሳያውቁት የዘይት ፍሳሽ ይዘው እንደሚዞሩ መገመት ይቻላል።

ሌላም የሚምታታ አለ። ሞተር ሲጠፋ ማርሽ በቀላሉ ይገባል፣ ሞተር ሲነሳ ግን እንቢ ይላል፤ በተለይ የኋላ ማርሽ ይፈጫል። ብዙዎች ይህን «ካምቢዮ ተበላ» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይለቅ ነው። በዘይት ግፊት በሚሠሩት መኪኖች ላይ የፍሪሲዮኑ ዘይት ጎድሎ ወይም አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ፔዳሉን ደጋግሞ ሲረግጡት ማርሹ እሺ ካለ ፍንጩ ግልጽ ነው። የካምቢዮ ጥገናና የአንዲት ትንሽ ላስቲክ ዋጋ ልዩነት ለማንም አይጠፋውም።

ሞተሩ ራሱ ሲለግም ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ከርካሹ መጀመር ነው። የአየር ፊልትሮ፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ የተቀደደ የአየር ቱቦ። የነዳጅ ፓምፕ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ ይዞ ሊሆን ስለሚችል «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ጥያቄም መረሳት የለበትም። በተጨማሪ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል እዚህ ያጣል። ጤነኛ ትንሽ ሞተር እንጦጦ ላይ ቢደክም አይፈረድበትም።

«ኮምፒውተር ይደረግ» የሚለውም መድኃኒት እንደ ጸበል የሚታመን ሆኗል። መሣሪያው ጠቃሚ ነው። ግን የሚሰጠው ኮድ ምልክት እንጂ ምርመራ አይደለም። ፒ0171 የሚል ኮድ ሞተሩ ከነዳጁ ይልቅ አየር በዝቶበታል ይላል፤ የትኛው ዕቃ ይቀየር አይልም። ምክንያቱ የተሰነጠቀ ቱቦ ሊሆን ሲችል ኮዱን አይቶ ሴንሰር የሚያስገዛ ጋራዥ ኮምፒውተር ቢኖረውም ያው ገማች ነው።

ታዲያ መካኒኩ ለምን ይገምታል? መልሱ ባለመኪናውን ደስ አያሰኝም። መመርመር የማይከፈልበት ሥራ ስለሆነ ነው። አንድ መካኒክ አንድ ሰዓት ሙሉ ከባለመኪናው ጋር ዳገት ወጥቶ ወርዶ «ፍሪሲዮንህ ደህና ነው፤ ፊልትሮ ቀይር» ቢል ስንት ይከፈለዋል? የሻይ። «ላየህበት ነው እንዴ የምትጠይቀኝ?» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። ያው ደንበኛ ካምቢዮ ሲወርድለት፣ እጅ በዘይት ሲጨማለቅ ሲያይ፣ ሳይከራከር ይከፍላል። ድካም ይታያል፣ ዕውቀት አይታይም። ገበያው እንዲህ ከሆነ ዕቃ መቀየር ያበላል፣ ማወቅ ያስርባል። ሐኪም ዘንድ ካርድ አውጥቶ፣ ለደም ምርመራ ከፍሎ የሚገባ ሰው ጋራዥ ሲደርስ ምርመራው በነጻ እንዲሆንለት መፈለጉ ግራ ያጋባል። ለምርመራ ራሱን የቻለ ዋጋ ቢቆረጥ፣ ውጤቱ በወረቀት ቢጻፍ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃም ለባለቤቱ ቢመለስ፣ ብዙ ካምቢዮ ሳይወርድ ይቀር ነበር።

ነገሩ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪኩን ዋጋ ያልቻለ ሰው የሚገዛው እዚሁ ያለውን፣ ብዙ እጅ የዞረውን ነው። ለአንዳንዱ የዓመታት ቁጠባ፣ ለአንዳንዱ የራይድ እንጀራ ነው። መኪናው ጋራዥ የቆመበት ቀን ሁሉ ቤት ውስጥ ይቆጠራል።

ሕጉ ገዢውን ጨርሶ አልረሳውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዳለበት፣ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ማሳወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ውል ላይ ግን «አይቼ፣ መርምሬ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» ተብሎ ይፈረማል። መረመርኩ ያለው ሰው የመረመረው ቀለሙንና ጎማውን ነው። ቦሎውም የፍሪሲዮኑን ቀሪ ዕድሜ አይነግረውም፤ ሥራውም አይደለም።

ሻጮች ደግሞ አንድ ነገር በደንብ ያውቃሉ። የሞተር ልግመት ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጠዋት ነው። የፍሪሲዮን መንሸራተት በተቃራኒው ሲግል፣ ዳገት ላይ፣ ሰው ተጭኖ ይብሳል። በሰፈር ውስጥ የአሥር ደቂቃ ዙር ሁለቱንም አያሳይም። ገዢው ሲደርስ መኪናው ታጥቦ፣ ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቀዋል። «እንዳትቸኩል ብዬ ሞቅ አድርጌ ጠበቅኩህ» ይለዋል ሻጩ። በዚህ ጊዜ ቁልፉን አጥፍቶ «ነገ ጠዋት ሳይነሳ እመጣለሁ፤ ከዚያ ሦስት ሰው ጭነን እንጦጦ እንወጣለን» ማለት ይቻላል። ሻጩ እሺ ካለ ጥሩ ነው። ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬ ካልሆነ ያመልጥሃል» ማለት ከጀመረ ግን ይምለጥ።