ወይዘሮ ስኂን ማን ናቸው?

ባለፈው ክረምት ከደሴ የመጡ ባልና ሚስት እቤታችን በእንግድነት አርፈው ነበር። ሁለቱም የተማሩት ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው፤ የተዋወቁትም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ከእራት በኋላ ቡና እየጠጣን የዚያን ጊዜ ወሬ ሲያወጉን ትንሹ ልጄ፣ «ወይዘሮ ስኂን ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ባልየው፣ «እኔ እንጃ፤ አራት ዓመት በዚያ በር ስገባና ስወጣ ጠይቄ አላውቅም» አለ። ሚስቱ፣ «የንጉሥ ሚስት ይመስሉኛል» አለች። ሁላችንም ሳቅን።

እሷ ወደ እውነቱ ቀረብ ብላለች። ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ልጅ እንጂ የንጉሥ ሚስት አልነበሩም። አባታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። እኚህ ሰው አስቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ዘመን ክርስትና ሲነሡ ሚካኤል ተባሉ። ደሴ የሚገኘውን አይጠየፍ አዳራሽ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ስኂን ያገቡት ጃንጥራር አስፋውን ነው፤ «ጃንጥራር» የአምባሰል ገዢዎች ማዕረግ ነው። ልጃቸው መነን በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪን አገቡ፤ ባላቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡም እቴጌ ሆኑ። አዲስ አበባ ያለው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተሰየመው በእኚሁ ልጅ ስም ነው። እናት በደሴ፣ ልጅ በአዲስ አበባ፣ ሁለቱም ትምህርት ቤት ተሰይሞላቸዋል ማለት ነው።

ታዲያ እናትና ልጅ መሆናቸውን ለምን ብዙዎቻችን አናውቅም? ምክንያቱ ከስማችን አጠራር ይጀምራል። መነን አስፋው ስንል አባትየው ይታወቃሉ። ስኂን የሚለው ግን የለም። በአገራችን ልጅ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይኖራል፤ የእናት ስም በአንድ ትውልድ ይጠፋል። በደሴው ትምህርት ቤት ስም ላይ ደግሞ «ወይዘሮ ስኂን» ብቻ ስለሚባል የማን ልጅ እንደሆኑ፣ የማን እናት እንደሆኑ ስሙ አይናገርም። ጠይቆ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጽሐፈ ነገሥት ጸሐፊ የይሁዳን ነገሥታት ሲያስተዋውቅ የአብዛኞቹን እናት በስም ይጠራል። እኛ ይህን ልማድ በቤታችን አላስገባነውም።

በእንግዶቼ ስስቅ በራሴም ላይ መድረሱ አልቀረም። በዚያው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት ፎርም ይዞ መጣ፤ የእናት ሙሉ ስም የሚለውን ያለ ችግር ሞላ። «የእኔን እናትስ ስም ታውቃለህ?» አልኩት። «እማማ ናቸዋ!» አለኝ። አሥር ዓመት ሙሉ እቅፋቸው ውስጥ አድጎ ስማቸውን አያውቅም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ እኔ አልነገርኩትም።

እዚህ ላይ ከስም የከበደ ነገር አለ። ልጅ ኢያሱ በአባት የወይዘሮ ስኂን ወንድም ናቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ፤ ዘውዲቱ ሲነግሡ የወይዘሮ ስኂን አማች ተፈሪ ደግሞ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ንጉሥ ሚካኤል ስለ ልጃቸው ጦር ይዘው ዘመቱ። ከአንድ ወር በኋላ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ተዋጉ፤ ተሸንፈውም ተማረኩ፤ በግዞት እንዳሉም አረፉ። እንግዲህ አስቡት፦ አባትና ወንድም በአንድ ወገን፣ የልጅ ባል በሌላው ወገን። እቴጌ መነን የአሸናፊው ሚስት፣ የተማራኪውም የልጅ ልጅ ነበሩ።

ይህን ስነግራቸው የደሴዋ እንግዳዬ ዝም አለች። በኋላ ሰሃን ስናጥብ፣ «እትዬ፣ የእኛም ቤት እንደዚያው ነው» አለችኝ። አባቷና የእናቷ ወንድም በርስት ተጣልተው፣ ሁለቱ ወገኖች ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም። ልጆቿ የእናቷን ዘመዶች አያውቁም። «ብነግራቸው ጠቡን አወርሳቸዋለሁ ብዬ እፈራለሁ፤ ባልነግራቸው ደግሞ ወገን አልባ አደርጋቸዋለሁ» አለችኝ።

እህቴ ሆይ፣ ያልኳት ይህን ነው፦ መጀመሪያ ስሙን ስጫቸው። አጎትሽ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ልጅ ሳለሽ ምን እንዳደረገልሽ ንገሪያቸው። ጠቡን ሲያድጉ በልካቸው ይሰሙታል፤ ስትነግሪያቸው ግን ፈራጅ አድርገሽ አታስቀምጪያቸው። ዝምታ ጠብን አይቀብርም፤ ልጆች የጎደለውን በራሳቸው ግምት ይሞሉታል፤ ግምታቸውም ከእውነቱ ሊከፋ ይችላል።

ወንድሜ ሆይ፣ ይህ የሚስትህ ሥራ ብቻ አይደለም። ልጆችህ ስምህን ይዘው ስለሚሄዱ የአንተ ወገን አይጠፋም። የእናታቸው ወገን ግን ካላነሣኸው ይጠፋል። አባት «እናታችሁ የእነ እገሌ ልጅ ናት» ብሎ በክብር ሲናገር ልጆቹ እናታቸውን በሌላ ዓይን ያያሉ።

የበር ላይ ስም እንደ ዘመኑ ይለወጣል። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም በደርግ ጊዜ የካቲት 12 ተብሎ ነበር። በልጅ ልብ የተጻፈውን ግን መንግሥት አይፍቀውም። እስቲ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ልጆቻችሁን ሁለት ነገር ጠይቋቸው፦ ትምህርት ቤታችሁ በማን ስም ተሰየመ? የእናታችሁ እናት ስም ማን ነው? መልሱን እናንተም ካላወቃችሁት አትፈሩ፤ አብራችሁ ጠይቁ፤ አያቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቁ።

እንግዳዬ በቅርቡ ከደሴ ደውላልኝ ነበር። አጎቷ ጋ ገና አልሄደችም። ልጇ ግን የአጎቷን ስም በደብተሩ ጀርባ ጽፎ፣ «መቼ ነው የምናያቸው?» እያለ እንደሚጠይቃት ነገረችኝ።