የበቅሎ ኪራይ በየትኛው ሠንጠረዥ?



በ2008 ዓ.ም. 418 የጊች አባወራዎች ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተነሥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ ሰረዘው። ለፓርኩ እሰየው ብለናል። ገብስ ያመርት የነበረው ገበሬ ግን ከዚህም ከዚያም ቃርሞ አዳሪ ሆነ፤ ለቱሪስት በቅሎ ያከራያል፣ ሲገኝ የቀን ሥራ ይሠራል። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው መምህርም ቢሆን አንድ በቅሎ ገዝቶ ተራ ይጠብቃል።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደመወዝን በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የቤት ኪራይን በ«ለ»፣ ንግድን በ«ሐ» መድቦ ልዩ ልዩ ገቢዎችን በ«መ» ሰበሰበ። ንብረቱን አልፎ አልፎ የሚያከራይ ሰው ከጠቅላላ ገቢው 15 በመቶ ይክፈል አለ። ወጪ አይቀነስለትም። በቅሎ ግን ትበላለች።

ለምሳሌ በቅሎዋ በዓመት 10,000 ብር አስገብታ ለገብስ፣ ለድርቆሽና ለጫማ 7,000 ብር ወጣ እንበል። ለባለቤቱ የቀረው 3,000 ነው፤ ግብሩ 1,500፣ ማለትም የትርፉ ግማሽ። ይኸው ሰው በነጋዴነት ቢመዘገብና ወጪውን በሰነድ ቢያስረዳ፣ በ2008ቱ አዋጅ እስከ 7,200 ብር የሚደርስ ዓመታዊ ትርፍ ነፃ ስለነበር ምንም አይከፍልም ነበር! ስንት ጊዜ ሲከራይ «አልፎ አልፎ» መሆኑ እንደሚያበቃ ደግሞ አንቀጹ ቁጥር አላስቀመጠም። ሕግ ዝም ባለበት ቦታ የሠራተኛ ግምት ይገባል። የግምትን መዘዝ በ2009 የቀን ገቢ ግምት ጊዜ በበርካታ ከተሞች ሱቅ ሲዘጋ አይተናል።

በ2012 ኮሮና፣ በ2013 እና በ2014 ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን የተነሣው ግጭት የቱሪስቱን እግር አሳጥሮታል። ቆማ የዋለች በቅሎም ገብሷን ትፈልጋለች።

ገቢን መደበቅ አንደግፍም። ግብር የማይከፍል ሕዝብ መንግሥትን ለመጠየቅ አንደበቱ ይታሰራል ብለን እናምናለን። ነገር ግን ገቢህን አሳውቅ የሚል መንግሥት ወጪህንም አሳየኝ ማለት አለበት።

ስለዚህ ብትመርጡን፣ በተራ የሚሠራ የበቅሎ ባለቤት እንደ አነስተኛ ነጋዴ እንዲቆጠር፣ ማኅበሩ የሚይዘው የተራ መዝገብ በማስረጃነት እንዲያገለግል፣ የመኖ ወጪም ደረሰኝ የማይገኝለት በመሆኑ በቁርጥ እንዲቀነስ እናደርጋለን። የግለሰብ ነጋዴ የትርፍ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ለክልሎች የተሰጠ በመሆኑ የአዲስ አበባን ፈቃድ የምንጠብቅበት ምክንያት የለም፤ ረቂቁን ለክልሉ ምክር ቤት እናቀርባለን።