የጅቡ ጉትቻ

በባንክ መስኮት ጀርባ የሚውል ሰው ለብጣሽ ወረቀት ልዩ ዓይን ያወጣል። ደንበኛው ጉዳዩን ጨርሶ ሲሄድ መደገፊያው ላይ ትቷት የሚሄድ ትንሽ ቅዳጅ አለች። ከላይ አንድ ትልቅ ቁጥር፣ ከሥሩ የመቀነስ ምልክት፣ ከሥር ደግሞ ቀሪው። ስም የለባትም፣ ፊርማ የለባትም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሌሊቱን ምን ሲያስብ እንዳደረ ትናገራለች። እዚህ ሶዶ ውስጥ እንዲህ ያሉትን ወረቀቶች ከፊቴ ሳነሣ ዓመታት አልፈዋል። በትርፍ ጊዜዬ ግጥም የምሞክር ሰው ስለሆንሁ ይሆናል፣ ወደ ቅርጫት ከመጣሌ በፊት አነብባቸዋለሁ።

ስለዚህም ነው «ሳይኮ» የተሰኘውን ፊልም ባየሁ ጊዜ፣ ሌላው ሰው ስለ መታጠቢያ ቤቱ ግድያ ሲያወራ እኔ ስለ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሳስብ የከረምሁት። (ፊልሙን ያላያችሁ አንባብያን፣ ምሥጢሩን ስለማወጣባችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።)

ማሪዮን በፊኒክስ ከተማ የአንድ ቤት ሻጭ ድርጅት ጸሐፊ ናት። አለቃዋ ባንክ እንድታስገባ 40,000 ዶላር ይሰጣታል። ገንዘቡ ባንክ አልደረሰም፤ ይዛው ጠፋች። በመንገድ ላይ መኪናዋን በሌላ ለመለወጥ 700 ዶላር ጨመረች። ሌሊት በአንድ ጭር ያለ ሞቴል ውስጥ ተቀምጣ ሒሳቧን ሠራች፤ 40,000 ሲቀነስ 700፣ ቀሪ 39,300። ተጸጽታለች፤ ነገ ልትመልስ ቆርጣለች። ከዚያም ወረቀቱን ቀዳድዳ መጸዳጃው ውስጥ ጣለችና ውኃ ለቀቀችበት። ልትታጠብ ገባች፤ በሕይወት አልወጣችም። ያ ሁሉ ገንዘብ በጋዜጣ እንደ ተጠቀለለ፣ ገዳዩ እንኳ ሳያውቀው፣ ከሬሳዋና ከመኪናዋ ጋር ረግረግ ውስጥ ሰጠመ። አንዲት ቅዳጅ ግን ውኃው አልወሰዳትም ነበርና ቀረች። እኅቷ ላይላ ልትፈልጋት መጥታ ያገኘችው ያችን ነው።

ታሪኩ በመጀመሪያ ልቦለድ ነበር። ሮበርት ብሎክ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1959 አሳተመ፤ አልፍሬድ ሂችኮክ በጆሴፍ ስቴፋኖ የፊልም ጽሑፍ በ1960 ለዕይታ አቀረበው። በመጽሐፉ ውስጥ ላይላ የምታገኘው ፍንጭ ወረቀት አይደለም። ደም የደረቀባት የእኅቷ ጉትቻ ናት።

ጉትቻዋ ለምን ወረቀት ሆነች? ደም የነካው ጉትቻ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እዚህ ሰው ሞቷል» ይላል። ይህን ደግሞ የፊልሙ ተመልካች አስቀድሞ በዓይኑ አይቷል። ወረቀቷ ግን «እዚህ ሰው ተጸጽቶ ነበር» ትላለች። ደራሲ የሰውን ጸጸት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነግረን ይችላል። ካሜራ የሰው ልብ ውስጥ አይገባምና፣ ጸጸቱን በእጅ የሚያዝ ነገር ሊያደርግልን ይገባዋል። ልቦለድን ወደ ፊልም የሚመልስ ባለሙያ መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች እየቆጠረ የሚረከብ ንብረት ክፍል አይደለም። ቃል ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራ ዕቃ ፈላጊ ነው።

በእኔ አመለካከት ግን የወረቀቷ ትልቁ ነገር ከዚህም በኋላ ይመጣል። ላይላ ቁጥሮቹን አይታ «ይህ የሞቴሉ ባለቤት ስለ ገንዘቡ ማወቁን ያረጋግጣል» ብላ ደመደመች። ስሕተት ነው! ሰውየው ስለ ገንዘቡ የሚያውቀው ነገር የለም። ማስረጃዋ እውነተኛ ናት፤ ትርጓሜዋ ግን ሐሰት ነው። ላይላ ወደ ትክክለኛው ቤት የገባችው በተሳሳተ ምክንያት ነበር።

በሌላ ሥራ ደግሞ ትርጓሜውን የሚያርም ሰው እናገኛለን። የአይራ ሌቪን «የሮዝሜሪ ልጅ» እ.ኤ.አ. በ1967 ታትሞ፣ በዓመቱ በሮማን ፖላንስኪ ፊልም ሆኗል። ነፍሰ ጡሯ ሮዝሜሪ አንድ ወዳጇ ሲሞት ስለ ጠንቋዮች የተጻፈ መጽሐፍና «ስሙ ፊደላቱ የተዘበራረቁ ነው» የሚል መልእክት ይደርሳታል። የስክራብል መጫወቻ ፊደላትን ወለል ላይ በትና በመጀመሪያ የመጽሐፉን ርእስ ፊደላት ታገጣጥማለች። የሚወጣው ትርጉም የለሽ ነገር ነው። በዚያ አልቆመችም። መጽሐፉ ውስጥ የተጠቀሰውን የአንድ ጠንቋይ ልጅ ስም፣ «ስቲቨን ማርካቶ»ን፣ ወስዳ ፊደላቱን አንድ በአንድ ስታዘዋውር፣ የጎረቤቷ የሮማን ካስተቬት ስም ከፊቷ ተደረደረ። ያች የእንጨት ፊደል አስፈሪ የምትሆነው ሮዝሜሪ የመጀመሪያ ግምቷን ለመጣል ስለ ደፈረች ነው።

የብሎክ ጉትቻ ግን እኔን ወደ ሌላ ጉትቻ መለሰችኝ።

አያቴ ማታ ማታ እሳት ዳር የምትነግረን አንድ ተረት ነበራት። የአንድ ሰው በረት በጅብ ይደፈራል። ሰውየው ጦሩን ይዞ ያደፍጥና ጅቡን ይገድለዋል። ሲነጋ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ከጅቡ ጆሮ ላይ ጉትቻ ይገኛል። «ይህስ የእገሌ ጉትቻ ነው!» ይላል አንዱ። «እገሌ» ታዲያ ሁልጊዜ ወይ ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ ወይ ሸክላ ሠሪ። ተረቱ የአያቴ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ቡዳ ስለሚባሉት ባለ እጆችና ጆሯቸው ላይ ጉትቻ ስለ ተገኘባቸው ጅቦች ጽፏል። ከትግራይ እስከ ወላይታ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ጉትቻዋ ግን ሁሉንም ተሻግራዋለች።

በእኛ አካባቢ ሸክላ ሠሪዎች ጭናሻ ይባላሉ። ይህ ስም እንደ ስድብ ሲወረወር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በሠሩት ድስት ሁሉም ቤት ይበላል፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ ለመቅረብ ግን ብዙው ሰው ይጠየፍ ነበር።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አጠገቤ የምትቀመጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። ሁለት ትናንሽ የናስ ጉትቻዎች ነበሯት። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት የአያቴን ተረት ለጓደኞቼ ተረክሁላቸው። ጥሩ ተራኪ ነበርሁ፤ ድምፄን ዝቅ፣ እጄን ከፍ እያደረግሁ። «ከጅቡ ጆሮ ላይ…» ብዬ ስጨርስ የሁሉም ዓይን ወደ እርሷ ጆሮ ዞረ። እኔም ዞርሁ። በማግሥቱ ጉትቻዎቿን አውልቃ፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን ስንጥር ሰክታበት መጣች። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ስንጥር በቀር ሌላ ነገር ጆሮዋ ላይ አላየሁም። ያን ጊዜ ያሰብሁት ተረቴ እንዴት እንደ ሠመረልኝ ብቻ ነበር።

ይህን ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የአገራችን ፊልም ሠሪዎች የራሳችንን አስፈሪ ተረቶች ወደ ፊልም ቢመልሱ ደስታዬ ነው፤ የጅቡና የጉትቻው ተረትም አንድ ቀን ፊልም መሆኑ አይቀርም። ያን ዕለት ካሜራው ጉትቻዋን እንዴት ያሳየን ይሆን? ጎልታ ታየችና፣ ሙዚቃው አስገምግሞ፣ ቀጥሎ የቀጥቃጩ ፊት ከመጣ፣ የእኔ የሦስተኛ ክፍል ተረት በትልቅ ስክሪን ተደገመ ማለት ነው። የዚያች ልጅ ልጆችም ከተመልካቹ መካከል ተቀምጠው ይሆናል።

«ተረት እኮ ነው፤ የአስፈሪ ፊልም ሥራው ማስፈራት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም እንዲያስፈራ እፈልጋለሁ። ጉትቻዋም ከተረቱ ትውጣ አልልም። የምለው እንደ ሮዝሜሪ ፊደላት ደጋግመን እናገላብጣት ነው። ጉትቻ ጥንድ ነው፤ ሁለተኛዋ ማን ዘንድ ናት? «የእገሌ ነው» ብሎ መጀመሪያ የጮኸው ማን ነው? ከእገሌ ጋርስ የመሬት ወይስ የብድር ጠብ አለው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ጉትቻን የሚሠራ አንጥረኛ ነው፤ በመንደሩ ሴቶች ጆሮ ሁሉ ላይ የእጁ ሥራ ተንጠልጥሏል። የእጁ ሥራ በተገኘበት ስፍራ ሁሉ ወንጀለኛ የሚሆን ከሆነ ማን ጌጥ ሠርቶ ይኖራል? እነዚህን የሚጠይቅ ፊልም ከጅቡ ይልቅ በሬሳው ዙሪያ የተሰበሰበውን ሕዝብ ያሳየናል፤ አስፈሪው ነገር ያን ጊዜ ከጫካው ወጥቶ ወደ ጎረቤታችን፣ ወደ ራሳችንም ይመጣል።

ላይላ ስትሳሳት የተጎዳ ንጹሕ ሰው አልነበረም። የእኛ ስሕተት ግን ስንቱን ከማዕድ እንዳራቀ የምናውቅ እናውቀዋለን። ዛሬም በመስኮቴ በኩል ብጣሽ ወረቀት ሳገኝ አነብባለሁ፤ «ይህ ሰው እንዲህ ነው» ለማለት ግን እንደ ቀድሞው አልቸኩልም። ለዚያች የክፍል ጓደኛዬ ዘግይቶ የመጣ ካሣ ይሁንልኝ፦

ጉትቻው ጥንድ ነበር፥ አንዱ ጅብ ጆሮ ላይ፣
አንዱ የት እንዳለ፥ ጠያቂ ጠፋ ወይ?
ዳኛ ሳይሰየም፥ ምስክር በዝቶበት፣
ስንጥር ሆኖ ቀረ፥ የልጅቷ ውበት።