ኬላ ጠባቂው መንገድ ሲጠይቅ

በየመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር ስንጫወት ደጋግመን የምንሰማው አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «ፋየርዎል መንገድ መማር ይገባዋል ወይስ አይገባውም» የሚል ነው። አንዳንዶቹ፥ ፋየርዎል ዘበኛ ነው፤ ዘበኛ ደግሞ በሩን ይጠብቅ እንጂ የመንገድ ወሬ አይጠይቅ ይላሉ። ሌሎቹ፥ ዘመኑ የፍጥነት ስለ ሆነ ነገሩን ሁሉ ለመሣሪያው ትተን እኛ እንረፍ የሚሉ ናቸው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ዋናውን ጥያቄ ግን አልነኩትም። ዋናው ጥያቄ፥ መንገዱን ከማን ይማር፥ የተማረውንስ ለማን ይንገር የሚለው ነው።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆኑት አንባቢዎቻችን ነገሩን ከሥሩ ብንጀምር ይሻላል። ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚሄድ መልእክት ሁሉ እየተቈራረጠ በትንንሽ ጥቅል ይላካል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የሚሄድበት አድራሻ ተጽፎበታል፤ በየመንታ መንገዱ ላይ የቆመው ራውተር የተባለው መሣሪያም አድራሻውን አይቶ፥ በያዘው ሠንጠረዥ መሠረት ወደሚቀጥለው ያሳልፈዋል። ፋየርዎል ደግሞ ከመረቡ መግቢያ ላይ የተተከለ ኬላ ነው። ጥቅሉን አቁሞ ከየት መጣህ፥ ወዴት ትሄዳለህ፥ ምን ይዘሃል ብሎ ይጠይቃል፤ እንደ ተሰጠው ትእዛዝም ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። ካሳለፈ በኋላ ግን እሱም እንደ ራውተሩ በየት በኩል እንደሚልከው ማወቅ አለበት።

ይህን ዕውቀት የሚያገኘው አንድም ሰው ተቀምጦ መንገዱን አንድ በአንድ ሲጽፍለት ነው፤ ይህ ቋሚ መንገድ ይባላል። ወይም ደግሞ ከጐረቤቶቹ ጋር እየተነጋገረ ራሱ ይማረዋል፤ ይህኛው ዳይናሚክ ራውቲንግ ይባላል፤ የሚነጋገሩበትም ቋንቋ ፕሮቶኮል ነው። አንድ መሥመር ብቻ ያለው ትንሽ መሥሪያ ቤት በቋሚው መንገድ ቢኖር የሚነቅፈው የለም፤ እንዲያውም እኛ የምንመርጥለት እሱን ነው። ቅርንጫፉ ሃያና ሠላሳ የደረሰ፥ ወደ ውጭ የሚወስደው መሥመርም ሁለት የሆነ ድርጅት ግን፥ አንዱ መሥመር በሌሊት በተበጠሰ ቍጥር ሰው ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ ሠንጠረዥ ሊያስጽፍ አይችልም።

ከፕሮቶኮሎቹ መካከል ብዙ የሚሠራባቸው ሁለት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።) አንደኛው፥ በአንድ ድርጅት ውስጥ የሚነገረው ኦኤስፒኤፍ ነው። በዚህኛው እያንዳንዱ ራውተር የአካባቢውን ካርታ በሙሉ ይይዝና አጭሩን መንገድ ራሱ ያሰላል። የስሌቱ ዘዴ የሆላንዱ ሊቅ የኤድስኸር ዳይክስትራ ነው፤ በ1956 ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ገበያ ሲዘዋወሩ ደክሟቸው ቡና ቤት በተቀመጡበት፥ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በ20 ደቂቃ ያህል ያሰበው መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ሁለተኛው፥ አንዱ ድርጅት ከሌላው፥ አንዱ አገርም ከሌላው የሚነጋገርበት ቢጂፒ ነው። በ1989 ያኮቭ ሬክተርና ከርክ ሎሂድ የተባሉ መሐንዲሶች በምሳ ሰዓት የእጅ መጥረጊያ ወረቀት ላይ ነደፉት፤ ዓለም እስከ ዛሬ የሚሠራው በሱ ነው። በዚህ ቋንቋ የሚነጋገር መረብ ሁሉ ቍጥር አለው፤ የእኛው ኢትዮ ቴሌኮም 24757 ተብሎ ይታወቃል።

ቢጂፒ ሲፈጠር ተናጋሪዎቹ ጥቂቶችና የሚተዋወቁ ነበሩ። ስለዚህ አንዱ «ይህ አድራሻ በእኔ በኩል ይገኛል» ሲል ሌላው ያምነዋል፤ ማስረጃ አምጣ የሚል ደንብ በውስጡ አልተጻፈም። ይህ እምነት የት ሊያደርስ እንደሚችል በ2008 ፌብሩዋሪ 24 ቀን ታየ። የፓኪስታን መንግሥት ዩቱብ በአገሩ ውስጥ እንዲዘጋ አዞ ስለ ነበር፥ ፓኪስታን ቴሌኮም ከዩቱብ አድራሻዎች 256ቱን «ወደኔ ናቸው» ብሎ አስነገረ። ሐሳቡ ጥቅሎቹን ተቀብሎ ለመጣል ነበር። ነገር ግን ወሬው ድንበር ተሻገረ፤ በሆንግ ኮንግ የሚገኘው አገናኝ ድርጅት ፒሲሲደብልዩም ሳያጣራ ተቀብሎ ለዓለም አሰማው። ዩቱብ ራሱ የሚያስነግረው በ1,024 አድራሻ ጥቅል ነበር፤ የራውተር ሕግ ደግሞ ሁለት ወሬ ሲሰማ ጠበብ ያለውን መምረጥ ነው። ፖስተኛም ቢሆን «ደብዳቤው የዚያ ክፍለ ከተማ ነው» ከሚለው ይልቅ «የዚያ መንደር ነው» የሚለውን ይከተላል። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ47 ጀምሮ በዩቱብ ደጅ የሚገባው የዓለም ሕዝብ ወደ ፓኪስታን ይጐርፍ ጀመር። ዩቱብ ከአንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ እሱም ጥቅሉን አጥብቦ ለመከራከር ሞከረ፤ ነገሩ ፈጽሞ የበረደው ግን አገናኙ ድርጅት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ወሬውን ሲያነሣ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። እኛ ከዚህ ውስጥ ይበልጥ የምንወቅሰው፥ የተሳሳተውን ሳይሆን ሳያጣራ የተቀበለውን ነው።

ስሕተቱ ሁልጊዜ ከጐረቤት ይመጣል ለማለት አይደለም። በ2021 ኦክቶበር 4 ቀን ፌስቡክ ስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም የጠፋው፥ የገዛ መሐንዲሶቹ ለጥገና ብለው በሰጡት ትእዛዝ የውስጥ መሥመሮቹ ስለ ተቋረጡ ነው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ የሚያግደው መቈጣጠሪያም ጕድለት ነበረበት። የስም መፍቻ ማሽኖቹ ማእከላቸውን ቢያጡት «እኛ የለንም» ብለው የቢጂፒ ማስታወቂያቸውን ሰበሰቡ።

እንግዲህ ወደ ኬላችን እንመለስ። በፋየርዎል ላይ ኦኤስፒኤፍን የሚከፍት ወጣት በመጀመሪያ በሮቹን ሁሉ ዝም ቢያሰኝ እንወዳለን። ይህ በሙያው ቋንቋ ፓሲቭ ይባላል፤ በበሩ ያለው አድራሻ ለሌሎች ይነገራል እንጂ በዚያ በር ሰላምታ አይላክም፥ ጐረቤትም አይያዝም። ከዚያ በኋላ የታወቀ ጐረቤት ያለበትን በር ብቻ ለይቶ ይክፈት። ብዙዎች ተገላቢጦሹን ሲያደርጉ እናያለን፤ ሁሉን ከፍተው የማያስፈልገውን ኋላ ለመዝጋት ያስባሉ፤ «ኋላ» የተባለው ቀን ግን አይመጣም። በዚህ ዐይነት ፋየርዎሉ የሠራተኞች ኮምፒዩተር በተሰካበት በር ሁሉ በየ10 ሴኮንዱ ጐረቤት ሲጣራ ይኖራል። አንድ ተንኰለኛ ላፕቶፑን ሰክቶ «እኔ ነኝ» ቢለው አምኖ ይቀበለዋል፤ ወደ ውጭ የሚሄደውንም በሱ በኩል ሊልክ ይችላል።

ለዚህ ነው የይለፍ ቃል የሚያስፈልገው። ለቢጂፒ ኤምዲ5 የተባለው ዘዴ ከ1998 ጀምሮ በደንብ ተጽፎ ይገኛል፤ አርጅቷል፥ ግን ከባዶው ይሻላል፤ መሣሪያው የሚችል ከሆነ አዲሱን መምረጥ ነው። ቢጂፒ የሚነጋገርበት 179ኛው ፖርትም ለተጠቀሰው ጐረቤት አድራሻ ብቻ ክፍት ይሁን። የኬላው ሹም ለመንገደኛው ሁሉ ሕግ አውጥቶ ለራሱ ጆሮ ሕግ ሳያወጣ መቅረቱ የተለመደ ጕድለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማጣሪያው ነው። ሁለት አገልግሎት ሰጪ ያለው መሥሪያ ቤት ያለ ማጣሪያ ቢጂፒ ቢከፍት፥ ፋየርዎሉ ከአንደኛው የተማረውን ለሁለተኛው ይነግራል። ሁለተኛውም «ለካስ በዚህ በኩል መንገድ አለ» ብሎ የሌላ ሰው ጭነት በትንሿ መሥመር ላይ ሊያሳልፍባት ይችላል። ስለዚህ ሲናገር የራሱን አድራሻ ብቻ ይናገር፤ ሲሰማም የራሱን አድራሻ ከውጭ ሲያቀርቡለት አይቀበል፥ በ10 የሚጀምሩትንና የመሰሉትን የውስጥ አድራሻዎችም ይመልስ፤ የሚቀበለውም የመንገድ ብዛት በቍጥር ይወሰን። የዓለም ሠንጠረዥ ከ900 ሺህ መንገድ በላይ ስለሆነ አነስተኛ ፋየርዎል በአንድ ጊዜ ቢጐርስ ያንቀዋል። በ2017 የወጣው ደንብ በቢጂፒ ማጣሪያ ያልተጻፈለት የውጭ ጐረቤት ምንም እንዳይሰጠው፥ ምንም እንዳይወሰድበት ያዛል። ትክክለኛ ደንብ ነው እንላለን፤ መሣሪያው ሁሉ ግን አይከተለውምና በእጅ መጻፉ አይቀርም።

ፋየርዎልን ከራውተር የሚለየው ሌላም ጠባይ አለው፤ የሄደውን ይመዘግባል፥ ተመላሹንም ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ስሙን በማንጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ስንሠራ ሁለት ፋየርዎሎች በሁለት በር ቆመው ነበር። ኦኤስፒኤፍን ከፍተን በደስታ ወደ ቤታችን ሄድን፤ በማግሥቱ ከሠራተኞቹ ግማሾቹ ይሠራላቸዋል፥ ግማሾቹ አይሠራላቸውም። ገመድ ነው ብለን ገመድ ለወጥን። ሁለት ቀን ሙሉ ገመድ ስንለውጥ ከረምን። በመጨረሻ ሲታይ የሁለቱ መንገዶች ዋጋ እኩል ሆኖ፥ ጥቅሉ በአንዱ በር ይወጣና መልሱ በሌላው ይመጣል፤ ያኛው ፋየርዎል ደግሞ «ይህን ሰው ሲወጣ አላየሁትም» ብሎ ይጥለዋል። የአንደኛውን መንገድ ዋጋ በመሄጃም በመመለሻም ከፍ አድርገን ተጠባባቂ ስናደርገው ነገሩ ተስተካከለ። ዘበኛው አልበደለም፤ እኛ ነን ያልነገርነው።

የመሣሪያ ስም ሲለወጥም ጥንቃቄ ያሻል። ሁለት ፕሮቶኮሎች ስለ አንድ አድራሻ የተለያየ ቢናገሩ ማንን እንደሚያምን ፋየርዎሉ የራሱ ማዕረግ አለው፤ ቍጥሩ ያነሰ ይታመናል። በሲስኮ ኦኤስፒኤፍ 110 ነው፤ በፓሎ አልቶ የውስጡ 30 ነው፤ ቋሚው መንገድ በመጀመሪያው 1፥ በሁለተኛው 10 ነው። የድሮውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ መሄድ አያዛልቅም።

ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ ሰው ሁሉ እያወቀ፥ አንዱን መሥመር አቋርጦ በሰዓት መለካት ይገባል። ገመዱን ከፋየርዎሉ ላይ ቢነቅሉት ወዲያው ያውቃል፤ ስለዚህ ከሞደሙ ወዲያ ማቋረጥ ነው። ኦኤስፒኤፍ እንደ መጣ ከተተወ ጐረቤቱ መሞቱን ለማመን 40 ሴኮንድ ይቈያል፤ ቢጂፒ በብዙ መሣሪያዎች ላይ 180 ሴኮንድ ይጠብቃል። ባለጕዳይ ተሰልፎ በሚጠብቅበት መስኮት ሦስት ደቂቃ ቀላል አይደለም። እንዲያው በጣም ቢያሳጥሩት ደግሞ መሥመሩ ትንሽ በተንገዳገደ ቍጥር ጐረቤቱ ሞተ፥ ተነሣ እየተባለ ሠንጠረዡ ሲናወጥ ይውላል። እኛ በዚያ መሥሪያ ቤት ሰላምታውን በ10፥ ትዕግሥቱን በ30 ሴኮንድ አድርገን፥ ቍጥሩንና ምክንያቱን በመዝገብ ጽፈን ለተተኪያችን አስረክበናል።